ለሽማግሌ ስንት ጊጋ ይበቃል

ሦስት ልጅ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ ከዚያ የጣት ያህል የምትሆን አንዲት ሜሞሪ፣ ራም የሚሏትን፣ የሚገዛለት ያጣ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ ኑና እኚህን ሾፌር እዩ። ሦስቱም ልጆች ደመወዝ አላቸው። ሦስቱም ምላስ አላቸው። ለአባታቸው ላፕቶፕ ስንት ሜሞሪ ይጨመር የሚለው ጉዳይ ግን ሲወራ ከርሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ቀረ።

ከሦስቱ ትንሿ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራዋ፣ ወንድሞቿን የምታያቸው በንቀት ነበር። ንቀት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥራዋ አስተምሯታል። ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጣ ሰም ታቀልጣለች፣ ጀሶ ትበጠብጣለች፣ የማታውቃቸውን ሰዎች አፍ በጀሶ ተቀርጾ እያገላበጠች ስታይ ትውላለች። ሰው ስለ ጥርሱ የሚዋሸውን ያህል ስለ ምንም አይዋሽም። አፉ "በቀን ሁለቴ ነው የምቦርሸው" ይላል፤ ጀሶው ጉዱን ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የለመደ ሰው ደግሞ የወንድሞቹን ወሬ ሲሰማ ዓይኑ ዝም ብሎ የሚንቦገቦገውን ሳይሆን የተቦረቦረውን ይፈልጋል።

ትልቁ ወንድሟ ኦዲተር ነው። ሥራውም ጠባዩም ኦዲተር ነው፤ ሰው ቤት ገብቶ ውሃ ሲቀርብለት እንኳ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስቶ ሳያይ አይጠጣም። "በመርህ ደረጃ" ሳይል አፉን አይከፍትም። መካከለኛው የስፖርት መሣሪያ ይሸጣል፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ ቱርቦ ነው የሚባለው። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው። "ድምፁ ያስፈራል፣ ጭሱ ሰማይ ይነካል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም" ብለው ነው ያወጡለት። ቱርቦ እስከ ዛሬ ምስጋና ይመስለዋል።

አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው፤ በከዘራ ከክፍል ክፍል ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን ጣቶቹን ወደ መዳፉ አጥፎ ቀረ። ፊዚዮቴራፒስቷ የላስቲክ ኳስ ሰጥታ "ይህን ይጨብጡ" ብትላቸው፣ "እኔ ደግሞ መቼ ኳስ ተጫውቼ አውቃለሁ" ብለው መስኮት ላይ አስቀመጡት፤ ኳሱም እዚያው አቧራ ሲጠጣ ኖረ።

"እንግዲያው የሚወዱትን ሥራ ፈልጉላቸው" አለች ሴትየዋ፣ ልጅቱን ኮሪደር ላይ ጠርታ። "እጁ ካልሠራ እንደታጠፈ ይደርቃል። ጊዜው አሁን ነው። ከደረቀ በኋላ ብታመጪያቸው እኔም አልረዳሽም።"

ላፕቶፑ የተገዛው ለዚህ ነው። ጥርስ ሠሪዋ ናት የገዛችው። ለጌም የተሠራ ነው ይባላል፤ ክዳኑ ላይ ቀይ መስመር አለው፣ ቁልፎቹም ከሥር ያበራሉ። ነገር ግን ከጌም ላፕቶፖች መሀል ድሃው ዘመድ ነው፤ አቅሟ የቻለው እሱን ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ መሪና ፔዳል ጨመረችበት፤ የከተማ አውቶቡስ የሚያስነዳ ጌም አስጫነችበት። ከዚያ ደግሞ ሙያዋን አከለችበት። በጌሙ ውስጥ የአውቶቡሱን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ ቁልፍ ነው። ለዚያ ቁልፍ ብላ ትንሽ ኪቦርድ ገዛችና በአባቷ ቀኝ በኩል ጠረጴዛው ላይ አጣበቀችው። ሰው ሠራሽ ድድ ከምትሠራበት ሮዝ ፕላስቲክ ደግሞ፣ የአባቷ አመልካች ጣት ልክ ገብቶ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ክዳን ቀርጻ ቁልፉ ላይ ደፋችበት።

አባቷ ክዳኑን አገላብጠው አዩት። "ይቺ ነገር ትነክሳለች?" አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው ሰው ሆኑ። ጠዋት ይነሳሉ፣ በግራ እጃቸው ይላጫሉ፣ የድሮ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው መሪው ፊት ይቀመጣሉ። በግራ ይነዳሉ። ፌርማታ ሲደርሱ ቀኝ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ እየጎተቱ ያመጡና ጣታቸውን ሮዟ ጎድጓዳ ውስጥ አስገብተው ይጫናሉ። በሩ ይከፈታል፣ ሰዎቹ ይሳፈራሉ፣ ይወርዳሉ። የወራጁ እግር መሬት ሳይረግጥ መኪና አያንቀሳቅሱም፤ በእውነተኛውም አውቶቡስ እንደዚያ ነበሩ። ልጃቸው ሕፃን ሆና ትምህርት ቤት ሲዘጋ አጠገባቸው ተቀምጣ "ወራጅ አለ" እያለች ትጮህ ነበርና "ረዳት" ብለው ይጠሯታል። ይኸው አድጋ የሰው አፍ ሙሉ ጥርስ ስትሠራም ረዳት ናት። ጣቶቹም መፍታት ጀመሩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷ ገርሟት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እራት ላይ "ይቆማል" አሉ።

"ምኑ?"

"መኪናው። ሰው ሲበዛ ይደርቃል። በሩን ስከፍት፣ ሰዎቹ ሲገቡ፣ ቀጥ ይላል። ሲነሳ ሰው ድጦ፣ ታክሲ ገጭቶ አገኘዋለሁ።"

ይኼ ነው የተናገሩት። ጤነኛ ልጆች ቢሆኑ በማግስቱ ላፕቶፑን ይዘው ወደ ኮምፒውተር ሠራተኛ ይሄዳሉ። እነዚህ ግን ስብሰባ ጠሩ። አባታቸው ከታመሙ ወዲህ የዚህ ቤት ልማድ እንዲህ ነው፤ ስለ አባት የሚወሰነው ሁሉ ሳሎን ይወሰናል፣ አባት ደግሞ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ ገርበብ ካለው በር ኋላ ይቀመጣሉ። ጠርቶ የሚጠይቃቸው የለም። ደግሞ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግም የለም።

"በመርህ ደረጃ" አለ ኦዲተሩ እግሩን አነባብሮ፣ "ላፕቶፑ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ አለው። የኔ ቢሮ ኮምፒውተር አራት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ በሙሉ ይሸከማል። ለሽማግሌ ስምንት መች አነሰው?"

"ስልሳ አራት" አለ ቱርቦ።

"ለምንድን ነው ስልሳ አራት የሚሆነው?"

"ለአባቴ ነዋ። ለአባቴ ስልሳ አራት ቢያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም።"

ስልሳ አራቱን ግን የት እንዳለ፣ ላፕቶፑ ይቀበለው አይቀበለው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

"አስራ ስድስት ይሁን" አለች ጥርስ ሠሪዋ፣ ሁለቱንም እያየች ጥርሷን ነክሳ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ይቺም ብትሆን የለካችው ነገር አልነበረም። አንዱ ከሥር፣ ሌላው ከላይ ሲቆም መሀል ላይ የቆመ ሰው ብልህ ይመስላል፤ እሷም መሀሉን ያዘች። ወንድሞቿን ለመናቅ ጥሩ ቦታ ነው፤ ሁለቱም በደንብ ይታያሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሾፌሩ ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፤ የሚባለውን ሁሉ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ገርበብ ካለው በር ኋላ የፕላስቲኩ መሪ ሲንሿሿ ይቆይና ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይነሳል።

በሳምንቱ ቱርቦ እየፎከረ መጣ። ኪሱ ውስጥ ሜሞሪ ይዟል። "ሠላሳ ሁለት ናት፤ ጓደኛዋ በኋላ ትመጣለች" አለ። ላፕቶፑን ከአባቱ ፊት አንስቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አጋደመውና ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ ፈታ። ከዚያ መጫን ጀመረ። ሜሞሪዋ ግን አትገባም። ክፍት ቦታው ያለው የግማሿን ያህል ነው፤ ሰውየው የገዛው ለትልቁ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው ኮምፒውተር የሚሆነውን ነው። ቢያጋድለው አልሆነም፣ ቢገለብጠው አልሆነም። ላቡ መጣ። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አያት።

"አንቺ ጥርስ ትሞርጂ የለ" አለ። "ያቺን ማሽንሽን አምጪና ትንሽ አሳጥሪልኝ።"

ጥርስ ሠሪዋ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የቀለደ መስሏት ነበር። ፊቱን አየችው፤ አልቀለደም። ይህ ሰው ጂም ሙሉ መሣሪያ ይገጣጥማል፤ ሰዎች በሱ ብሎን ተማምነው መቶ ኪሎ ብረት ከደረታቸው በላይ ያነሳሉ። እንዴት እስካሁን ሰው እንዳልሞተ ገረማት።

"ሞርጄ ጥርስ ላድርግልህ?" አለችው። "አንተ እኮ የሚያኝክ ነገር ነው የሚያስፈልግህ። አፍህ እንዲያርፍ።"

ላፕቶፑን ቀምታው መልሳ ዘጋችው። ቱርቦ እለውጣታለሁ ብሎ ሜሞሪዋን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ ሜሞሪ ሲነሳ ስልክ ይደወልለት ጀመር።

ኦዲተሩ ደግሞ ይኼኔ ነው የነቃው። "አያችሁ፣ ሥርዓት የሌለው ግዥ ውጤቱ ይኼ ነው" አለና ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ አለ። የጣት ያህል ለምትሆን ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ። ሁለቱ መጡ። ሦስተኛው ሱቅ ተዘግቶ ቆየ። እስኪከፈት ይጠበቅ ተባለ። ሌላ ሱቅ ብንሄድስ ስትለው፣ ሒደቱ ከተጀመረ በኋላ አቅራቢ አይለወጥም አላት። ስለ አባቱ እጅ እያወራች መሆኗን ብትነግረው፣ "ስሜትሽን ከጉዳዩ ለይው" አላት። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ፤ ግን ትልቅ ወንድም ነውና፣ ጋሼ እያለች ነው ያደገችውና፣ ተነስታ ሳህን አጠበች።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ተፈጠረ። አባታቸው ይቆማል ማለት ተዉ። ላፕቶፑ መድረቁን አቆመ። ገርበብ ካለው በር ኋላ አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል፤ አንድም ጊዜ ቀጥ አይልም። ኦዲተሩ ይህን ሲሰማ እንደ ድል አድራጊ ሶፋው ላይ ተንፈላሰሰ።

"ምን አልኳችሁ? ችግሩ ራሱን በራሱ ፈታ። ስምንት በቂ ነው ብያለሁ። ፋይሉ ይዘጋ።"

ፋይሉ ተዘጋ። ጥርስ ሠሪዋም እውነት ለመናገር ደስ አላት። መጨቃጨቁ ሰልችቷት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ ግን በሚቀጥለው ጉብኝት የሾፌሩን ቀኝ እጅ ይዛ ብዙ አገላበጠችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ልትዘረጋ ሞከረች። አመልካች ጣቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ምን ለወጣችሁ?" አለች።

"ምንም" አለች ልጅቱ።

"እጃቸው ወደ ኋላ ተመልሷል። ይህ ጣት ባለፈው ይታዘዝ ነበር። መንዳት ትተው ነው?"

"ኧረ በፍጹም። ቀኑን ሙሉ ነው የሚነዱት።"

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። ያ አስተያየት ጥርስ ሠሪዋን አብግኗት ዋለ። የምታውቀው አስተያየት ነው፤ በቀን ሁለቴ ነው የምቦርሸው ያለ ሰው ጀሶ እጇ ሲገባ እሷ ራሷ የምታየው አስተያየት ነው።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። እጅጌዋ ላይ ጀሶው እንደደረቀ አባቷ ክፍል ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከኋላቸው ሆና ማየት ጀመረች። እንዲህ ተቀምጣ አይታቸው አታውቅም፤ መሪውን ካሰረችላቸው ቀን በቀር። ሁልጊዜ ሳሎን ናት፣ ስለሳቸው ስትከራከር።

አውቶቡሱ እንደ ውሃ ይፈሳል። አንድ ፌርማታ አለፉ። ሁለተኛም አለፉ።

"አባባ፣ ፌርማታ አለፉ እኮ።"

"ሰው የለም" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እውነትም ፌርማታው ላይ ሰው የለም። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ መኪና የለም። በመስታወቱ የሚታየው የአውቶቡሱ ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። ከተማው ሕዝቡ ጥሎት የተሰደደ ይመስላል።

"ሰዎቹስ?"

"አስወጣኋቸው። እዚያ ውስጥ የሰው መቀነሻ አለው። አንዱን ሳወርድ፣ አንዱን ሳወርድ፣ ባዶ ሲሆን መድረቁን ተወ።" ትንሽ ነዱና ጨመሩበት። "ስምንት ይበቃል አይደል የተባለው? ባዶ ከሆነ ይበቃል። ባዶውን ስምንትም ይጎትተዋል።"

ያኔ ጠረጴዛውን አየች። የሮዟ ክዳን ጎድጓዳ ውስጥ አቧራ ተኝቷል። ቀኝ እጃቸው ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ተሳፋሪ ከሌለ ፌርማታ የለም፤ ፌርማታ ከሌለ በር የለም፤ በር ከሌለ ለዚያ እጅ ሥራ የለውም። ጣቱ የደረቀው በእነሱ ስብሰባ ነው።

"ለምን አልነገሩንም?" አለች።

"ለማን? እናንተ ስብሰባ ላይ ናችሁ።"

አዝነው አይደለም ያሏት፤ ግራ ቀኝ ሳያይ መንገድ ስለሚገባ እግረኛ ሲናገሩ በሚናገሩበት ድምፅ ነው ያሉት። ጥርስ ሠሪዋ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋ ላይ የደረቀውን ጀሶ በጥፍሯ ፋቀች። በሙያዋ አንድም ቀን የአፉ ልኬት ሳይመጣላት ጥርስ ቀርጻ አታውቅም። በግምት የሚሠራ ባለሙያ ሲገጥማት ሳምንት ሙሉ ስትሰድበው ትከርማለች። ለገዛ አባቷ ግን ከሳሎን ሆና፣ መሀል ስለሆነ ብቻ፣ አስራ ስድስት ብላ ፈርዳ ተቀመጠች። ወንድሞቿን የናቀችበት ንቀት ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ራሷ ዞረ፤ ለሷም ሲደርስ አልቀነሰም።

"ስንት ይፈልጋሉ አባባ?" አለች በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ሜሞሪውን።"

"እኔ ጊጋ አላውቅም። ወንበሩ ሠላሳ ስምንት ነው። ወንበሩ ይሙላልኝ።" አሰቡ። "የቆመ አልጭንም።"

ኮምፒውተር ሠራተኛው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ማስቲካ ያላምጣል፤ ቀና ብሎም አላያትም። "ሠላሳ ሁለት አድርጊው እህቴ፣ ለወደፊቱ ያዋጣሻል" አላት፣ ላፕቶፑን ገና ሳይከፍት። ይኸው አራተኛው የኮሚቴ አባል አለች በልቧ።

"የወደፊቱን ተወውና የዛሬውን እንለካ" አለችው። ጌሙን ከፈተች። የተሳፋሪውን ብዛት ወንበሩ እስኪሞላ ድረስ ከፍ አደረገችና የሜሞሪውን መጠን የሚያሳየውን መስኮት ጎኑ አስቀመጠችው። ሰዎቹ ሲሳፈሩ ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ስምንቱ ሊሞላ ሲል አውቶቡሱ ቀጥ አለ። "አሁን አንድ ስምንት ጨምርበት፤ ለሙከራ ነው" አለችው። ሰውየው ፊቱን አኮማትሮ ባዶዋ ቦታ ላይ የስምንቱን ብጤ ሰካባት። አሁን ቁጥሩ አስራ ሁለት አካባቢ ደርሶ ቆመ፤ አውቶቡሱ ግን አልቆመም። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ባዶ ወንበር ነው። ሠራተኛው ሠላሳ ሁለቱን ወደ መሳቢያው መለሰ። አስራ ስድስት ሆነ ማለት ነው፤ መጀመሪያ በግምት ያለችው ቁጥር። ልክ መሆኗ ግን አላስደሰታትም። ያኔውኑ አንድ ቀን ተቀምጣ ብታይ ኖሮ የአባቷ ጣት አሁን በሩን ይከፍት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለች፣ ለራሷ።

ጠረጴዛውን ከክፍሉ አውጥታ ሳሎን አመጣችው። መሪውም፣ ፔዳሉም፣ ሮዟ ክዳንም ሳሎን ገቡ፤ አቧራዋን በጥርስ ብሩሽ አጸዳችላት። አባቷ ጃኬታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ፍሬን ያዙ። ቀኝ እጃቸውን ከኪስ አወጡ፣ ክንዳቸውን እየጎተቱ ጠረጴዛው ላይ አመጡት። ጣቱ ግን አልዘረጋም አለ። ገፉት፣ ጠበቁት፤ አልሄደም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ሰዓቷን ታያለች። ልጅቱ እጇን ወደ ቁልፉ ስትሰድ፦

"ረዳት፣ እጅሽን ሰብስቢ" አሏት።

በሩን ሳይከፍቱ ተነስተው ሄዱ። የሚቀጥለውንም እንዲሁ አለፉ። ቀኑን ሙሉ ባዶ አውቶቡስ እየነዱ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ሲያልፉ ዋሉ። ማታ ምግብ ሲቀርብላቸው አልበሉም። "የጠበቀኝን ሰው ጥዬ አልፌ አላውቅም ነበር" አሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትጠየቅ "ይመለስም ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል" ነው ያለችው። እሳቸው በማግስቱም ተላጭተው ተቀመጡ። በማግስቱም አልተከፈተም። በሦስተኛው ቀን ጣታቸው ጎድጓዳው ጫፍ ላይ ደርሶ ተንሸራተተ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሞች መጡ። ቱርቦ ሜሞሪ መጨመሩን ሲሰማ፣ "እኔ ልገዛው ነበር እኮ፣ ቀደምሽኝ" አለና ሶፋው ላይ ወደቀ። ኦዲተሩ ግን ላፕቶፑ ፊት ቆሞ መረመረ።

"አስራ ስድስት? በማን ውሳኔ?"

"በተሳፋሪዎቹ" አለች እህቱ።

"ስምንት በቂ ነው ተብሎ ተዘግቶ አልነበረም?"

አባቱ መሪው ላይ ናቸው፤ ጀርባቸውን ለሶፋው ሰጥተው ይነዳሉ። ኦዲተሩ ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ። የሆነ ነገር በልቡ ሲደምር፣ ሲቀንስ ቆየና ፊቱ ፈካ አለ።

"ለነገሩ ኪሳራ አይደለም" አለ። "የኔ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። አስራ ስድስት ለሱ ጥሩ ነው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ... እንግዲህ ላፕቶፑም ነፃ ይሆናል።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኦዲተሩ ያለውን አላወቀም፤ ከሱሪው ላይ ክር ይለቅማል። ቱርቦ እንኳ፣ በሕይወቱ ነገር ገብቶት የማያውቀው ቱርቦ እንኳ፣ አንገቱን ደፋ። ጥርስ ሠሪዋ አፏን ከፈተች። ጋሼ እያለች ያደገችበትን ዘመን ሁሉ በአንድ ቃል ልታራግፈው ነበር። አባቷ ግን ቀደሟት።

አውቶቡሱን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ አወጡትና አንድ ፌርማታ ላይ አቆሙት። ፌርማታው ላይ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ደውል የደወለ ተሳፋሪም የለም። ቀኝ እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተነሳ። ክንዳቸው ጠረጴዛው ላይ ተጎተተ። ጣታቸው ጎድጓዳው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደገና ተገፋ፣ ገባ። ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ በሩ እየተነፈሰ ተከፈተ።

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ረዳት" አሉ አባቷ።

"አቤት አባባ።"

"ወራጅ አለ። በር ክፈቺለት።"

ተነስታ የሳሎኑን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ኦዲተሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ጨዋታ መስሎታል። እህቱን አያት። ወንድሙን አየ፤ ወንድሙ ምንጣፉን ያያል። አባቱን ቢያይ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው።

"አባባ፣ እኔ ማለቴ እኮ በመርህ ደረጃ..."

ሾፌሩ አልዞሩም። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ይጠብቃል። ኦዲተሩ የመኪና ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ። እርምጃው ኮሪደሩን ጨረሰ፣ ደረጃውን ወረደ። አባቱ ይህን ሁሉ ጊዜ አውቶቡሱን አላንቀሳቀሱም። የውጭው በር ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሮዟን ቁልፍ እንደገና ተጫኑ፤ በሩ ተዘጋ፣ ነዱ።